የግልባጭ ሁለት ዲስኮች

በመዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድም ወረቀት አልጠፋበትም። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ሳይጠየቅም ይናገራል። ባልደረቦቹ «ግልባጭ» ብለው ስም ያወጡለት የዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ እንኳ ማመልከቻውን በሦስት ቅጂ ስለሚያዘጋጅ ነበር፤ አንዱ ለአለቃው፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት፣ አንዱ ለራሱ። መዝገብ ቤቱም ራሱ ስለሆነ ሁለቱ እሱው ዘንድ ይቀሩ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ስሙ ተከትሎት ቤት ገባ፤ አመሉም አብሮ ገባ።

ቤት ውስጥ ግን የሚመዘገብ ነገር ቶሎ አለቀበት። የመብራት ደረሰኞቹን በዓመት፣ የመድኃኒት ካርቶኖቹን በበሽታ ዓይነት አደራጅቶ ጨረሰ። የቅመም ብልቃጦች ላይ ቁጥር ሊለጥፍ ሲል ሚስቱ በማማሰያ አባረረችው። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ የጣለው።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የአማቱ ድምፅ ነበር። አማቱ ሳሎኑ ጥግ ባለው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ይውላሉ፤ ስትሮክ መትቷቸው ምላሳቸው ከተያዘ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በፊት አፋቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። ይቀልዳሉ፣ ሰው ይቦጭቃሉ፣ የልጅነታቸውን ያወራሉ። ሚስቱ ያን ሁሉ በስልኳ እየቀዳች፣ ስልኳ ሲሞላ ወደ ኮምፒውተሩ እያዛወረች አጠራቅማዋለች፤ አርባ ሰዓት ያህል ይሆናል። እናቷ የከፋቸው ቀን ትከፍትላቸዋለች፤ እሳቸውም የገዛ ወሬያቸውን እየሰሙ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ።

«አርባ ሰዓት ሙሉ በአንድ ዲስክ!» አለ ግልባጭ አንድ ጠዋት፣ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ። «ቅጂ የለው፣ ምን የለው! ይሄ እኮ ወንጀል ነው።»

«እስካሁን ምን ሆነ?» አለችው ሚስቱ።

«መዝገብ ቤት የተቃጠለበት ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» ብሏት ወጣ፤ ሁለተኛ ዲስክ ገዝቶም ተመለሰ። ሐሳቡ ሬይድ የሚሉትን ነገር መሥራት ነበር፤ ሁለት ዲስኮች አንድ ላይ ይጠመዱና አንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ እዚያው በዚያው ሌላው ላይም ይጻፋል። ይህን ባነበበ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዕድሜ ልኩን በካርቦን ወረቀት ሲለፋበት የኖረውን ሥራ ማሽን ሊሠራለት ነው።

አሮጌው ዲስክ ላይ «አንደኛ፣ ዋናው»፣ አዲሱ ላይ «ሁለተኛ፣ ግልባጩ» የሚል ወረቀት ለጥፎ፣ አሮጌውን በአንደኛው መሰኪያ፣ አዲሱን በሁለተኛው ሰካቸው። ኮምፒውተሩ አዲሱን አላየውም። ገመድ ቀየረለት፤ አሁንም አላየውም። ግልባጭ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «አንደኛ ዲስክ ተገኝቷል። ሁለተኛ ዲስክ ያለ በቂ ምክንያት ቀርቷል። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል።»

ባለፈው ዓመት የሚስቱ ወንድም ማሽኑ እንዲፈጥን ብሎ ሁሉ ነገር የሚሰካበት የውስጥ ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ የሚሉት ላይ አንዲት ቀጭን ዲስክ አጋድሞ ነበር። ግልባጭ እሷን ጠረጠረና ነቀላት። ይኸው፣ ሁለቱም ዲስኮች ታዩ! ግን ኮምፒውተሩ የሚነሳው በቀጭኗ ስለነበር ራሱ አልነሳ አለ። መልሶ ሲሰካት ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ አዲሱ ዲስክ ይጠፋል። ሲነቅላት ዲስኩ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ይቀራል። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ሲያስታርቃቸው ከረመ፤ ደብተሩ ላይ አምስተኛ ማስጠንቀቂያ ደረሰ።

«ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ መጽሐፍ አልነበረም?» አለችው ሚስቱ።

ነበረ፤ ግልባጭ ነው ያስቀመጠው። በሦስተኛው ቀን «የማያስፈልጉ፣ ግን የማይጣሉ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ሠላሳ አራተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ፣ ቀጭኗ ዲስክና ሁለተኛው መሰኪያ አንድ መስመር ስለሚጋሩ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይዘጋል፣ በሦስተኛው መሰኪያ ተጠቀሙ ይላል። የአዲሱ ዲስክ ገመድ አጭር ሆኖ ሦስተኛው መሰኪያ ጋ አልደርስ ስላለው አሮጌውን ወደ ሦስተኛው አዛወረና አዲሱን አሮጌው በነበረበት በአንደኛው መሰኪያ ሰካው። ሁሉም ታዩ። ደረቱን ነፋ።

ማሽኑ ጠየቀው፦ «ከየትኛው ዲስክ ይቀዳ? ከአንደኛው ወይስ ከሁለተኛው? የሌላው ይዘት በሙሉ ይጠፋል።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለች ሚስቱ በትከሻው በላይ አሻግራ እያየች።

«ስም ተለጥፎበታል እኮ» አለና «አንደኛው» የሚለውን ተጫነ። ማሽኑ ግን ወረቀት አያነብም፤ የሚቆጥረው በመሰኪያ ቅደም ተከተል ነው።

ግልባጭ ከጠዋት እስከ አመሻሽ ቁጥሩ ከአንድ ወደ መቶ ሲሄድ ቁጭ ብሎ አየ። ምሳውንም እዚያው በላ። በመጨረሻ «ሁለቱ ዲስኮች ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ሚስቱን ጠራ፣ የአማቱንም ወንበር ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ። ከፈተው። ባዶ ነበር። ሁለቱንም ነቅሎ አንድ በአንድ ሞከራቸው። ባዶነቱም ቅጂ ነበረው።

በማግስቱ የኮምፒውተር ጠጋኙ ዲስኩን አየና «ጋሼ፣ ባዶውን ነው በሙሉው ላይ የጻፉበት፤ አይመለስም» አለው። ሚስቱ አልጮኸችበትም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገረችውም። አማቱ ኮምፒውተሩን በዓይናቸው ሲያሳዩ እሱ ከሳሎን ይወጣል። እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ሚስቱ ስልኳን ይዛ መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አንድ ቀርቷል» አለች። «አንተ እንዳትሰማው ብዬ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ያላስገባሁት።»

ከፈተችው። የአማቱ የድሮ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፦ «ያንቺ ባል እኮ ዕቃ የሚጠፋበት እንዳይጠፋ ሲያስቀምጠው ነው! እኔንም አንድ ቀን ፋይል ውስጥ ከቶኝ የት እንዳኖረኝ ይረሳል። ስሞትማ ጉድጓዴን በሁለት ቅጂ ነው የሚያስቆፍረው!» ቀጥሎ የራሳቸው ሳቅ፣ ከዚያም የሚስቱ ሳቅ ተሰማ። ወንበሩ ላይ ያሉት አማቱ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸው እሱ ላይ ነበር።

ግልባጭ ከቆመበት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ስንት... ስንት ቅጂ አለው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እህቶቼ ጋ አለ፣ አክስቴ ጋ አለ፣ ጎረቤቶቹም ጋ አለ። ወንድሜማ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ልኮታል። ያልሳቀብህ ዘመድ የለም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት ያኮርፍ ነበር። አሁን ግን ወንበር ስቦ አማቱ አጠገብ ቁጭ አለ፣ ስልኩን እንዳይነካ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ሸጎጠ።

«በይ» አላት፣ «ከመጀመሪያው ክፈቺልን።»