የመልቀቂያ ደብዳቤዬና ሦስቱ ሽማግሌዎች

በእኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለመጠየቅ ወይም ባልና ሚስት ለማስታረቅ ነው። በእኔ ላይ የተላከው ግን ሥራ ልልቀቅ ስላልኩ ነው። ላኪው ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ የምሠራበት ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ነበር።

ሲጀመር አራት ጠቅላላ ሐኪሞች ነበርን። አንዱ ለተሻለ ደመወዝ ሐርጌሳ ሄደ። ሌላው አዲስ አበባ ገብቶ አፓርታማ ይሸጣል። ሦስተኛዋ ለስፔሻሊቲ ፈተና ብላ ወጥታ በዚያው ቀረች። ሥራ አስኪያጃችን ለእያንዳንዳቸው ጋቢ አልብሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሸኛቸው፤ በሽተኞቻቸውን ለእኔ አወረሰኝ። ተመላላሹን አይቼ ሳልጨርስ ከተኝቶ ሕክምና እጠራለሁ፣ ከዚያ ሳልወጣ ከማዋለጃ። አንድ ቀን የአንዱን ሕፃን መድኃኒት በሌላው ካርድ ላይ ጻፍኩ። ፋርማሲስቷ ባትነቃበት ኖሮ ሕፃኑን እገድለው ነበር። ማመልከቻዬን የጻፍኩት ያን ቀን ነው።

ሥራ አስኪያጁ አንብቦ «የሚያስፈልገው ቁርጠኝነት ነው» አለኝ። ቁርጠኝነት! ተመላላሽ ክፍሉን አንድ ጠዋት እንኳ ዞር ብሎ አይቶት የማያውቅ ሰው!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ግቢዬ ገቡ፤ አንድ ቄስ፣ አንድ ጡረተኛ መምህርና አንድ ከገጠር የመጡ ገበሬ። ሥራ አስኪያጁ እንደ በደለ ባል አንገቱን ደፍቶ ከኋላቸው ቆሟል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። አለቆቹን ሐኪም ጨምሩልኝ ማለት ፈራና እኔን በሽማግሌ ያዘኝ።

«እሽ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

«ኧረ አባ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።»

«ማን ነው የበደለሽ? ንገሪንና እናስክሰው።»

«ማንም አልበደለኝም። ሥራው ለአንድ ሰው በዝቶ ነው።»

ተያዩ። የሚያስክሱት ሰው ሲጠፋ ሽምግልናው መያዣ አጣ።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው ልጀ» አሉ መምህሩ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በፈረቃ ሲያስተምሩ ስድስት ሰዓት ላይ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

እንዲሄዱልኝ ብዬ «እሺ፣ አስብበታለሁ» አልኩ። ተቀመጡ። ወዲያው ቄሱ «እግረ መንገዳችንን» ብለው ጉልበታቸውን ገለጡ። መምህሩ ተከትለው የስኳር መድኃኒታቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በዕረፍት ቀኔ፣ በገዛ ግቢዬ፣ በዛብኝ ብዬ አፌን ሳልዘጋ! ናቅኋቸው። ቢሆንም ማዳመጫዬን ከቤት አምጥቼ ሁለቱንም አየኋቸው።

ገበሬው ምንም አልጠየቁም። ለመሄድ ሲነሡ ግን አጥሩን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አየሁ። ያበጠ እግራቸውን ስጫነው የጣቴ ምልክት ጎድጉዶ ቀረ። ደረታቸውን አዳመጥኩ። ልባቸው ደክሟል፤ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በማግሥቱ መጥተው መድኃኒት እንዲጀምሩ ነገርኳቸው።

«አንች ልትሄጅ አይደል እንዴ?» አሉኝ። «ነገ ማን ያየኛል?»

ይሄ የሽምግልና ወግ አልነበረም። ሰውየው ፈርተዋል።

ሥራ አስኪያጁ ያን ጊዜ አንገቱን ቀና አደረገ። ፊቱ በራ። የአንድ ሰው ልብ መድከሙ እሱን ምኑም አይደለም፤ ደስ ያለው እኔ ስለተያዝኩ ነው።

«እኔ ነኝ የማይዎት» አልኩ።

እልል ማለት ብቻ ቀራቸው። ቄሱ መረቁኝ፣ መምህሩ የሥራ አስኪያጁን እጅ ጨበጡ። እሱም ሐኪም ማቆየት መቻሉን በሪፖርቱ ጽፎ ተመሰገነበት። ገበሬው ዛሬም በየወሩ ይመላለሳሉ፤ ደኅና ናቸው፣ በእሳቸው አልጸጸትም። ሌላ ሐኪም ግን እስካሁን አልተቀጠረም። ለምን ብለው ይቀጥራሉ? እኔ አለሁላቸው።