ለጉዞ ያሰናዳኋት ፒካፕ ለቅሶ ቤት ሄደች

«ጎበዝ! ቀድመህ ሰምተህ ድንኳን ጫንክ?» አሉኝ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ፣ ዛሬ ጠዋት ታቦር ሰፈር ያለው ግቢያችን ገብተው።

እኔ የጫንኩት ባሌ፣ ሀረና ጫካ ውስጥ የምናድርበትን ድንኳን ነበር።

ከተመረቅኩ ጀምሮ የምመኘው ጉዞ ነው። የአባቴን አሮጌ ፎር ዊል ፒካፕ ዘይት ቀይሬ፣ ራዲያተሯን አስበይጄ፣ ትርፍ ጎማዋን አስነፍቼ፣ የውሃ ጀሪካኑን ሳይቀር አስሬ ጓደኞቼን እየጠበቅኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ማን ሞተ?»

«እትዬ ብርቄ አረፉ። መኪናዋን እስከ ሠልስቱ እንፈልጋታለን።»

የሰፈሩን ድንኳንና ወንበር ስታመላለስ የኖረች መኪና ናት፤ ምን ይባላል?

አባቴ ከበረንዳው ሆኖ «ጫካው የትም አይሄድ፤ ፍታው» አለኝ።

«እኔም እኮ የትም አልሄድኩም፣ አባዬ» ልለው እያሰብኩ ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። ጓደኞቼ ፍራሻቸውን ተሸክመው ሲደርሱ የእድሩን የድንኳን ብረት አብረን ጫንን። (አንዱ የጉዞ ኮፍያውን እስካሁን አላወለቀም።)

እትዬ ብርቄን ነፍስ ይማር። አሁን ለቅሶ ቤቱ ደጅ፣ ጋቢና ውስጥ ነኝ። ከዚህ የሻሸመኔው መንገድ ይታያል፤ መኪናው ሁሉ ይሄዳል።

የእናንተስ ልብ ቀድሞ ሄዶ፣ እናንተ የቀራችሁበት መንገድ የትኛው ነው? ንገሩኝማ።