ንፋስ እንዳያገኛት

መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። ግንደወይንን አልፈን ብዙም ሳንሄድ፣ ውሃው አልቆበት የሚያር ድስት የሚመስል ሽታ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ከኋላ ወንበር አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ መኪናዋን በሚነዳው አማቼ፣ በልጄ ባል ፊት ያለችው የሙቀት መርፌ ቀዩ ላይ ደርሳለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም ያውቀዋል። አጠገቤ ልጄ የአሥር ቀን አራስ ናት። ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

ሞጣ እኔ ቤት ነበር የምትወልደው። ምጡ ቀድሞ መጣና ቢቸና ባሏ ቤት ተገላገለች። ቢያንስ እኔ ዘንድ ትታረስ ብዬ ልወስዳት ሄድኩ። አራስን ንፋስ ከመታት ዕድሜ ልኳን አይለቃትም ሲባል ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ጠዋት ስንነሳ ንፋስ ይገባበታል ያልኩትን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኜ ነበር፤ መስኮቱን በነጠላ፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ።

አማቼ መኪናዋን ዳር አቆመና ኮፈኑን ከፈተ። እንፋሎቱ ሰውነቱን ሸፈነው። ልጄን ደግፌ አወረድኳትና ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥኳት። ዙሪያዋን በነጠላዬ ከለልኩ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። መኪናዋ እዚሁ ብትቀር አራስና ጨቅላ ይዤ የት ልገባ ነው?

ዞር ስል አማቼ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል፣ ከሞጣ በኩል የመጣ ሚኒባስ አጠገባችን ቆመ።

«ተው አንተ ሰውዬ፣ ፊትህን ልትቀቅለው ነው?» አለ ሾፌሩ ገና ሳይወርድ። ሽበት የጀመረው፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። «ይብረድ መጀመሪያ። እስቲ ንገረኝ፣ ሚኒሞዋ እንዴት ነበር? ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ድምፅዋ?»

«ደብረ ወርቅ ላይ ስንቆም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይል ነበር። ነዳጁ ነው ብዬ ናቅሁት።»

«ነዳጅ አይደለም። ውሃ ጎድሎ አየር ሲገባባት እንዲህ ትቃዣለች። ጥያቄው ውሃውን ማን ጠጣው ነው።»

መፈለግ ጀመረ። ጎንበስ ብሎ ጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ የሚያፈስ የለም። የዘይቱን ዘንግ መዝዞ በጣቱ አሸው። «ዘይቱ ወተት አልመሰለም፤ ውሃ አልገባበትም። ሞተርህ አልሞተም።» እኔ ይህን ስሰማ ሦስት ጊዜ አማተብኩ። ማራገቢያውን በእንጨት ገፋ ቢያደርገው እንደ ልቡ ዞረ።

ከዚያ በፊት ለፊቷ ዞሮ ቁጢጥ አለ። ከታርጋው በታች ባለው ቀዳዳ እጁን ሰድዶ ሳበ፣ ሳበ፣ ሳበ።

«ይህቺ መኪና ደግሞ መቼ ወለደች?» አለ። «ጋቢ ያለበሳት ማነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጠዋት አማቼ ዕቃ ሲጭን የመንገዱ ንፋስ ሁሉ በዚያ በኩል የሚገባ መስሎኝ፣ አሮጌ ጋቢ አራት አጥፌ ጠቅጥቄው ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አራስ ስላለች።»

«እማማ፣ ሰውን ንፋስ ይመታዋል፤ ይህቺ ግን ንፋስ ካላገኘች ትሞታለች። ራዲያተሩ የሚበርደው በሱ ነው። አፍነዋት ውሃዋን አፍልታ ተፋችው።»

አማቼ እኔን ላለማየት ወደ ሰማይ አየ። ልጄ ግን ከጥላው ሥር ሆዷን ይዛ፣ «እማዬ፣ ቆቡን ረሳሽባት» አለችኝ። ከወለደች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

ቱቦው በርዶ በእጅ እስኪያዝ ጠበቅን። ሾፌሩ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ፈታ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ከሚኒባሱ ካወጣው ጄሪካን ውሃ በቀጭኑ ያወርድ ጀመር። መኪናዋ ትጮኻለች፣ ዝቅ ትላለች፣ ትጮኻለች። የእኔም ልብ አብሮ ይዘላል። አረፋው እየተንቦጫቦጨ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያም ድምፅዋ ረጋ፤ ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን።

«ማሞቂያውን ክፈተው» አለው ለአማቼ፤ «ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስለታል። አራሷም አትጠላውም። መርፌዋን እያየህ ሂድ።»

መርፌዋን ያየሁትስ እኔ ነኝ። እስከ ሞጣ ዓይኔን አልነቀልኩም። መሐል ላይ ቆማ አልተነቃነቀችም። ጋቢው እግሬ ሥር ተጠቅልሎ የተቃጠለ ይሸታል።

ግቢያችን ስንገባ ጎረቤቶቼ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጄን አልጋዋ ላይ አስተኛኋት፣ ሕፃኗን ጡቷ ላይ አደረግሁላት፣ ስትጠባ አየሁ። ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ለሚጠይቁኝ ሁሉ፣ «ደርሰናል፤ ሁላችንም ደህና ነን» አልኳቸው።