ሙቀት ሲወጣ ብድግ ያለው ሽማግሌ

ሶሬቲ፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ስልኳን ስትጎረጉር፣ ከፊቷ ያለው ባለ ሙሉ ልብስ ዞር ቢል ጎረቤቷ ፈየራ ሆኖ አገኘችው። ወሬ ካመለጣት እንቅልፍ አይወስዳትም።

«ጋሽ ፈየራ! በዚህ ፀሐይ ከረባት? ማንን ልትቀብር ነው?»

«ራሴን።»

ፈየራ የአውሮፕላን ሞተር ቴክኒሻን ነው። የተጠገነ ሞተር ሲነሣ ኮክፒት ተቀምጦ የሙቀትና የዙር መለኪያ ጌጆቹን ያያል። ሙቀቱ ሽቅብ እየወጣ የሞተሩ ዙር ወደ ኋላ ከቀረ፣ ሳያመነታ ነዳጁን ይዘጋል። ለዚህም ተሸልሟል። ችግሩ፣ ያንን ዓይኑን ሀና ማርያም ቤቱ ድረስ ይዞት መምጣቱ ነው። ድስት ክዳኑን ካርገበገበ ምድጃውን ያጠፋል፤ ሚስቱ የበሰለ ሽሮ የበላችበትን ቀን ረስታዋለች።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ለታናሽ ወንድሙ ለኦሊያድ ሽማግሌ ሆኖ፣ ቢፍቱን ሊጠይቅ መካኒሳ አባቷ አቶ በንቲ ቤት ሄደ። የሴት አባት መጀመሪያ ይቆጣል፤ ወጉ ነው። ወዲያው እሺ ካለ ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስልበታል። አቶ በንቲም ወጉን አሳምረው ያዙት። «ልጄ ገና ሕፃን ናት!» ብለው ጠረጴዛ መቱ። ሕፃኗ የባንክ ሠራተኛ ናት። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ቁጣው እስኪያልፍ ሲጠብቁ፣ ፈየራ የአቶ በንቲን አንገት ያይ ነበር።

«የአንገታቸው ደም ሥር ተገተረ፣ ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ ነገሩ ግን ፈቅ አላለም» አላት። «ስለዚህ ዘጋሁት።»

«ምኑን?»

«ጉዳዩን ነዋ! ‹ተነሡ፣ እንሂድ› ብዬ ሽማግሌዎቹን ይዤ ወጣሁ።»

ሶሬቲ አፏን ይዛ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ! ሊሰጡህ እኮ ነበር። ከጓዳ የዶሮ ወጥ ሽታ አልመጣልህም?»

«ሽታ የሚያሳይ ጌጅ የለማ!»

ከዚያን ቀን ወዲህ ኦሊያድ አያናግረውም። አቶ በንቲም አሁን የምራቸውን ተቆጥተዋል፤ «ረግጦኝ የወጣው ሰውዬ ብቻውን መጥቶ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ልጄን አልሰጥም» ብለዋል።

«መካኒሳ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» አለ የታክሲው ረዳት። ፈየራ ከረባቱን አስተካክሎ ገባ።

«ዛሬም አንገታቸው ቢገተርስ?» አለችው ሶሬቲ በመስኮቱ።

«ይገተር እህቴ» አላት። «ዛሬ የነዳጁ መዝጊያ በእሳቸው እጅ ነው፤ የምነደው እኔ ነኝ።»