የከለከልናት ፀሐይ

ስለ ገላነሽ ሲያወሩ "ያቺ ልጇን ጨለማ ውስጥ ያሳደገችው" ይሏታል። ቆይ እስቲ! ብቻዋን ነው እንዴ ያሳደገቻት? ምክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ጽጌ፣ የባሏ እህት። ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

ወንድሜ እንደሻው፣ ባቡር ድሬዳዋ ገባ በተባለ በሁለተኛው ዓመት ነው ከመንዝ ያመጣት። ገና ልጅ ነበረች። የመንዝ ብርድ ደረቷን ይዞት እዚህ እስክትደርስ ስታስል ነው የከረመችው። ሐረር ገብታ አንድ በጋ ሲያልፍ ግን ሳሉ ጥርግ ብሎ ጠፋ፤ ጉንጯ ሞላ፣ ከንፈሯም መሰንጠቁን ተወ። ግድግዳ ተደግፋ እየሞቀች "እትዬ ጽጌ፣ የዚህ አገር ፀሐይ እኮ እናት ናት" ትለኝ ነበር። ለእሷ እናት የሆነችውን ፀሐይ ነው ለልጇ የከለከልናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ልጇ በአርባ ቀኑ፣ ሁለተኛው በሰባት ወሩ ሞቱባት። ሾተላይ ነው ተባለ። ሦስተኛዋ፣ ተናኘወርቅ፣ ስትወለድ እኔ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ገባሁበት። "ይቺንስ ሰው አያያትም! ፀሐይም አይንካት፣ ምች ይመታታል። እስክትጠና ከጓዳ እንዳትወጣ!" አልኩ። ገላነሽ እሺ አለች። ሁለት የቀበረች እናት ምን ትበል? መስኮቷን በአሮጌ ጋቢ ጋረደች። በሰማንያ ቀኗ ለክርስትና ስንወስዳት እንኳ ጠቅልለን፣ ሸፋፍነን፣ ፊቷን ፀሐይ ሳናስነካ መለስናት።

የምንኖረው ጀጎል ውስጥ ነው። ግቢውን የምንጋራቸው እማማ ሰዐዲያ ስፌት እየሰፉ ጊደር መጋላ ገበያ ወስደው የሚሸጡ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ጠዋት ጠዋት ዘይት ቀብተው፣ ራቁቷን ምንጣፍ ላይ ያሞቋታል። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመው፣

"ያ ረቢ! ገላነሽ፣ ልጅ እኮ እህል አይደለም ጎተራ የሚከተተው። አውጪያት፣ ፀሐይ ያግኛት" አሉ።

ዘልዬ የወጣሁት እኔ ነኝ። "እማማ፣ ለእርስዎ ልጅ ይበጅ ይሆናል፤ የእኛዋን ይተዉልን!" አልኳቸው። ይባስ ብዬ ገላነሽን በጆሮዋ "ዓይናቸው ጥሩ አይደለም" አልኳት። እሳቸው "አላህ ያውቃል" ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ምነው ያኔ ምላሴ በተሳሰረ!

ልጅቷ አልሞተችም። እሰይ አልን። ዓመት ሞላት፤ አልቆመችም። ሁለት ሞላት፤ በቂጧ ትንፏቀቃለች። "ሰነፍ፣ እንደ አባቷ!" እያልን ሳቅን። ሦስት ሊሞላት ሲል ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ ያን ጊዜ እግሮቿ እንደ ማጭድ ጎብጠው አየን። ገላነሽ የልጇን ቀሚስ ወደ ታች ሳብ አድርጋ እግሮቿን ሸፈነች።

ጠበል ወሰድናት። ወጌሻ አሻት። በመጨረሻ አዝለን አንድ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ሄድን። እግሯን ዳሰሰና በአስተርጓሚ፣

"ይህች ልጅ ከየት አገር መጣች?" ሲል ጠየቀ።

"እዚሁ ሐረር ነው የተወለደችው" አለች ገላነሽ።

አላመነም። ደጋግሞ አስጠየቃት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ የሚሆኑት በእኛ አገር ፀሐይ የማያገኙ ልጆች ናቸው። እኛ ፀሐይ ፍለጋ ባሕር እንሻገራለን፣ እናንተ ደጃችሁ ላይ አላችሁ" አለ። ከዛሬ ጀምሮ ብናሞቃት አጥንቷ እንደሚጠነክር፣ የጎበጠው ግን መቃናቱን እንደማያውቅ ነገረን። ገላነሽ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። ብትወቅሰኝ ምን ነበረበት?

በማግስቱ አወጣናት። ልጅቷ ዓይኗን በሁለት እጇ ይዛ ኡኡ አለች፤ ፀሐይ ፈርታ! እማማ ሰዐዲያ ጀምረው ያልጨረሱትን ሰፌድ ከፊቷ ጋረዱላት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ዘይት ቀባናት፣ አሞቅናት። ጉልበት አገኘች፣ ሄደችም። እግሯ ግን እንደጎበጠ ቀረ።

ዘንድሮ ገላነሽ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሀብተወልድ አልነው። አሁንም ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ደጁን ደጋግማ አይታ ነው ወደ ግቢ የምታወጣው። ጥላው ሲደርስበት ምንጣፉን ወደ ፀሐዩ የምትጎትትለት እህቱ ተናኘወርቅ ናት፤ እየተወላገደች፣ ማንም ሳያዛት። ትናንት ጎትታ ስታበቃ ቀና ብላ አየችኝ።

"አክስቴ፣ እኔንስ ለምን አላወጣችሁኝም?"

ገላነሽ አቀረቀረች።

"ያኔ ክረምት ነበር፣ የኔ እናት" አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች።

"ሦስት ዓመት ሙሉ?"