የገንዘብ ያዧ የተሰበረ እግር

ገንዘብ ያዧ እግሯ በጀሶ ታሽጎ ቤት ከዋለች ሦስት ወር ሊሞላት ሲል፣ የምትሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሊጠይቃት መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ በሕመምዎ ላይ ሌላ ሕመም መጨመር አልፈለግሁም ነበር» አለ ዐይኑን ከወለሉ ሳያነሣ። «የደንበኞቻችን ተቀማጭ በሲሶ ወረደ። ዋናው መሥሪያ ቤት የየአካባቢውን ተቀማጭ እያየ የትኛው ከተማ እንዳደገ፣ የትኛው እንደ ደከመ ይለያል። የእኛን ‹የደከመ› ብሎ መዝግቦታል። ዐርብ ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ ቁጥሩ ካልተነሣ ቅርንጫፋችን ይዘጋል።»

ገንዘብ ያዧ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተች። ደከመ የተባለው ከተማ ሲሚንቶ ጭኖ በደጇ ያልፋል። የልብስ ሰፊው ቤት ፎቅ ሊጨመርለት ብረት ቆሞለታል።

«ሌላ ባንክ ተከፈተ እንዴ?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ገንዘቡን ምን ዋጠው?»

«እኔም እሱን ነው የምለው፣ እትዬ።»

መልሱ በማግስቱ በእግሩ መጣ። በዕድሜ የገፉ አንዲት የእህል ዘር ነጋዴ በትራቸውን እየመቱ ገቡና፣ ገና ሳይቀመጡ «ቶሎ ተነሺልን እንጂ፣ ልጄ፤ ማሰሮዬ ሞልቶ አፉ አልገጥም አለኝ» አሉ።

«ምን ሞላው፣ እማማ?»

«ገንዘብ ነዋ፤ ሽምብራ መሰለሽ?»

«ለምን ባንክ አላስገቡም?»

«ለማን ላስገባ? ለዚያ መቁጠሪያ ማሽን? ፍርርር ይልና ቁጥር ያሳየኛል። አንቺ ስትቆጥሪ እኮ ጆሮዬ አብሮሽ ይቆጥራል። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ጡብ ሠሪው ፍራሹ ውስጥ ሰፍቶ ይተኛበታል፤ ወገቤን ቆረቆረኝ እያለ ያለቅሳል።»

ገንዘብ ያዧ ልቧ ዘለለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ስትቀበል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አንድ በአንድ ትቆጥር ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረውም ቢሆን በጆሮው ይከተላታል። ከተማው አልደኸየም፤ እርሷን እየጠበቀ ነበር። ይህን የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች አላወቁም፤ ቁጥሩን ተቀበሉ እንጂ ባለ ገንዘቡን አልጠየቁም።

ከደስታዋ ጋር ግን ጥቂት እፍረት ተቀላቀለ። ሰው ሁሉ በእርሷ መስኮት ሲሰለፍ ትኮራ ነበር እንጂ፣ አቆጣጠሯን ለአንድ ባልደረባዋ እንኳ አላስተማረችም። የከተማው አደራ በአንድ ጉሮሮ ተንጠልጥሎ መቅረቱ የማን ጥፋት ነው?

«እማማ፣ ዐርብ እመጣለሁ» አለቻቸው። «ለሁሉም ይንገሩልኝ።»

ለእርሳቸው ይህን መንገር ለነፋስ እንደ መስጠት ነው። ዐርብ ጠዋት ገንዘብ ያዧ በክራንች ተደግፋ ስትደርስ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገዱን ይዞ ነበር። ማሰሮ የታቀፈ፣ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ጡብ ሠሪውም ፍራሹን እንዳለ ተሸክሞ።

«ይህን እዚህ ልትተኛበት ነው?» አለው ከኋላው የቆመው።

«ስፌቱን መፍታት አቅቶኝ ነው፤ አትሣቅ።»

ገንዘብ ያዧ ግን ወደ ወንበሯ አልሄደችም። ሦስት ወር በምትኳ የሠራችው ባልደረባዋ አጠገብ ተቀመጠችና ማሽኑን አጠፋችው።

«አንቺ ቁጠሪ፤ እኔ እሰማለሁ። ኋላ ያለው ሰው እንዲሰማሽ አድርገሽ።»

ተተኪዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። የዘር ነጋዴዋ ዐይናቸውን ጨፍነው አደመጡ፤ ድንገትም በትራቸውን መቱ።

«አርባ ሰባትን ዘለልሽው።»

ተተኪዋ ወደ ገንዘብ ያዧ ዞር አለች። ገንዘብ ያዧ ግን መልሱን ለእርሷ ተወችላት።

«አልዘለልኩም፣ እማማ። ከፈለጉ ከአንድ እጀምርልዎታለሁ።»

አሮጊቷ ዐይናቸውን ገለጡ። «ተዪው፤ አልዘለልሽም። ብትፈሪኝ ኖሮ ማሰሮዬን ይዤ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።» ወደ ሰልፉ ዞረውም «ኑ፣ ይህቺም ታውቃለች» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሰልፉ እንደ ጅረት ፈሰሰ። በዘጠኝ ሰዓት የተተኪዋ ድምፅ ሻክሮ ነበር፤ የሚሰማት ሁሉ ግን አብሯት ይቆጥር ስለ ነበር ግድግዳው ያስተጋባ ነበር። መዝጊያው ሲደርስ የሩብ ዓመቱ ተቀማጭ ከወረደበት ተነሥቶ ከአምናውም በለጠ።

ሥራ አስኪያጁ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። ጥቂት አዳምጦ ስልኩን በእጁ ሸፈነና ወደ ገንዘብ ያዧ ጎንበስ አለ።

«አይዘጋም፣ እትዬ። ግን የአካባቢው ኢኮኖሚ በአንድ ቀን ያገገመበትን ምክንያት በሪፖርት ግለጹ አሉ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ገንዘብ ያዧ የታሸገ እግሯን ወንበር ላይ አሳረፈች።

«የሆነውን ጻፋ» አለችው ጀሶውን በጣቷ እያንኳኳች። «ሥዕል ካስፈለጋቸውም ይኸውልህ።»