ዓይን የሚያስጨፍን ቲማቲም

ሰፈሩ «ሜትሮ» ይለዋል፤ የስፌት ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅምና። ሠላሳ ዓመት የሰው ሱሪ ሲያሳጥር ኖሮ ጉልበቱ ሲደክም፣ ሱቁን ለግማሽ ቀን ብቻ እየከፈተ በጓሮው አትክልት መትከል ጀመረ። በጋ ሲገባ ማልዶ ይነሳል፤ ጤዛው ሳይረግፍ የቀጠፈውን ኪያር ጨው ነስንሶ እዚያው እንደ ቆመ ሲገምጠው፣ የዓለም ጌታ እሱ ብቻ ይመስለዋል።

ቲማቲሙ ግን አሳፈረው። ግንዱ ቀጭጮ፣ ፍሬው የጣት ጫፍ አክሎ ቀረ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሚስቱ ጎረቤታቸው የላከውን ቲማቲም ከተፈች። ጎረቤታቸው ጡረታ የወጣ ነርስ ነው፤ ብቻውን የሚኖር፣ ሳቂታ ሰው። አንዷን ቁራጭ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ውይ! እንዴት ያለ ነው እባክህ!»

ሜትሮን የጎረሰው ዳቦ አነቀው። ለእሱ ቲማቲም ዓይኗን ጨፍና አታውቅም። እንዲያውም እንዲህ ስትጨፍን ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ገና ሳይጋቡ ነበር፤ የሰፋላትን ቀሚስ መስታወት ፊት ስትለካ።

በማግስቱ ነርሱ ገበያ መሄዱን ጠብቆ አጥር ዘለለ። ከትልቁ ቲማቲም ፊት ተንበርክኮ ሜትሩን ዙሪያውን ጠመጠመበት።

«ምነው ጎረቤት፣ ሱፍ ልትሰፋለት ነው?»

ነርሱ ቅርጫቱን እንዳንጠለጠለ ከኋላው ቆሟል። ሜትሮን ላብ አጠመቀው።

«እንዲያው... ወገቡን...»

«በል ና፣ ያንተንም እንየው።»

ነርሱ የሜትሮን ቲማቲም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሜትሮ ግንዱን ከድጋፍ እንጨቱ ጋር ያሰረው በስፌት ክር ነበር፤ የሸሚዝ ቁልፍ እንደሚተክል አጥብቆ። ክሩ ግንዱን በልቶታል።

«አንቀህ ይዘኸው ምን ብሎ ያፍራ? በጨርቅ ነው እንጂ፣ ላላ አድርገህ፣ እንደ ቁስል።»

ሄዶ ብጥስጣሽ ጨርቅ አመጣለት። ሜትሮ ሲያየው ደሙ ፈላ፤ ከራሱ ሱቅ የወጣ ሰማያዊ ገበር ነው።

ቤት ገብቶ ሚስቱ ላይ አፈጠጠ። «ጨርቄን ለሰውዬው የሰጠሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላንተ ነበር የቀደድኩት። ‹ማሰር እኔን ልታስተምሪኝ ነው?› ብለህ አባረርከኝ። እሱ ግን ሰማኝ።»

«ሰማኝ» ማለቷ ከቲማቲሙ ይልቅ አንገበገበው። ወጥቶ ክሩን አንድ በአንድ ፈታ፤ በገበሩም አላልቶ አሰረ።

በጋው ሊያልቅ ሲል አንዲት ቲማቲም ቀላችለት፤ ከባድ፣ ፀሐይ ያሞቃት። ሚስቱ ለሁለት ከፈለቻት። ግማሹን ስትበላ ሜትሮ ዓይኖቿን ብቻ ጠበቀ። አልተጨፈኑም።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ጥሩ ነው። ይልቅ ይሄን ግማሽ ለነርሱ አድርስለት፣ ተክሉን ያዳነው እሱ ነው።»

ሳህኑን ይዞ እስከ አጥሩ ደረሰ። ከወዲያ ነርሱ ሲያንጎራጉር ይሰማል። ሜትሮ ግራ ቀኙን አየና ግማሿን ቲማቲም ባንዴ አፉ ውስጥ ከተታት። ጭማቂው በአገጩ ወርዶ ሜትሩን አራሰው፤ ዓይኖቹም ሳያዛቸው ተከደኑ።

ባዶ ሳህኑን ይዞ ሲመለስ ሚስቱ «እህ፣ ምን አለ?» አለችው።

«ዓይኑን ጨፈነ» አላት።